ባለ ሚዛኑ ንጉሥና ምስክሩ

ውድ ጋሼ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ ብርዱን እንዴት ቻለው? እኔ ደኅና ነኝ፤ ከአቧራና ከድንጋይ ሌላ የሚያስቸግረኝ የለም።

ስልክ ልደውልልዎ አስቤ ነበር። ግን እርስዎና እኔ በስልክ የምንነጋገረው ስለ አየሩና ስለ መድኃኒትዎ ብቻ ነው። ወሬው ከዚያ ሊያልፍ ሲል «መስመሩ ጥሩ አይደለም» ብለው ይዘጉታል። ደግሞስ «በቃል የመጣ በቃል ይሄዳል፤ በጽሑፍ አቅርቢው» እያሉ አይደል ያሳደጉኝ? ይኸው በጽሑፍ አቀረብኩ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎ። መዝገብ ሲመረምሩ ከመጨረሻው ገጽ እንደሚጀምሩ አውቃለሁ። እማዬ «የእኔ ዳኛ መጀመሪያ ውሳኔውን አይቶ ነው ክርክሩን የሚያነበው» እያለች ትስቅብዎ ነበር። ይህን ግን እባክዎ ከላይ ወደ ታች ያንብቡልኝ።

ባለ ሚዛኑን ንጉሥ አግኝተነዋል። እሱን ራሱን አይደለም፤ መቃብሩንም አይደለም። በሕይወት ሳለ ያየው፣ የሚያውቀው ምስክር ነው ያገኘነው። ይህን ሲያነቡ መነጽርዎን አውርደው እንደሚጠርጉት ይታየኛል። ይጥረጉና ይቀጥሉ።

ያስታውሳሉ ንጉሡ ወደ ቤታችን የገባበትን ምሽት? እርስዎና እማዬ በተጋባችሁ ሰሞን ነው። እማዬ በችሎትዎ ጸሐፊ ሆና ስንት ዓመት የእርስዎን ቃል ስትተይብ ኖራ፣ አሁን ደግሞ ሾርባ ልትጨልፍልዎ ቤትዎ ገባች። እኔ የወተት ጥርሴን ያልጨረስኩ ልጅ ነኝ። ልጅዎ፣ ከዚያች ሳምንት ጀምሮ ወንድሜ የሆነው፣ ጢሙን በየቀኑ በመስታወት የሚፈልግ ጎረምሳ ነው። አራታችን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ እንደ ተከራካሪ ወገኖች ተቀምጠን ሾርባችንን እናማስላለን። እማዬ በዐይኗ «አንድ ነገር በላቸው እንጂ» ስትልዎ አየሁ። እርስዎም ጉሮሮዎን ጠረጉና ለልጆች የሚሆን የመሰለዎትን ጀመሩ።

በድርቁ ዘመን፣ አሉ፣ ሕዝቡ ያለችውን እህል በአንድ ጎተራ አከማቸ። ባለ ሚዛኑ ንጉሥም ከዚያ ጎተራ አንዲት እፍኝ የሰረቀ፣ ማንም ይሁን ማን፣ ከገደሉ ወደ ወንዙ ይወርወር ብሎ ሕግ አወጣ። መጀመሪያ የተያዘው የገዛ ልጁ ሆነ። ሽማግሌዎች ለመኑ። ንግሥቲቱ መሬት ላይ ተደፋች። ንጉሡ ዘውዱን አወለቀ፣ ልጁን በእጁ ይዞ ወደ ገደሉ ወጣ፣ ወረወረው። በማግሥቱ ዘውዱን ደፍቶ ችሎት ተቀመጠ። «ፍርድ ማለት ይህ ነው» ብለው ጨረሱ።

እማዬ ማንኪያዋ አየር ላይ ቀርቷል። ወንድሜ ወደ ሳህኑ አቀርቅሯል። እኔ ግን ነገሩ ስላልገባኝ «ማን አየ?» አልኩ።

ማንኪያዎን አስቀመጡ። የሚቆጡኝ መስሎኝ ነበር፤ ሳቁ። ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው። «ይህች ልጅ ከጠበቆቹ ሁሉ ትበልጣለች» አሏት ለእማዬ። ከዚያ ወደኔ ዞረው፣ እንደ ትልቅ ሰው፣ «ማን እንዳየ አላውቅም። እንፈልጋለን» አሉ። ጋሼ፣ እኔ ሌላ ሙያ አልመረጥኩም። ያኔ ያሉትን ነው ስሠራ የኖርኩት።

እነዚያ ቅዳሜዎች። ያቺ አሮጌ ግራጫ መኪና፣ እማዬ ከፊት ካርታውን ገልብጣ ይዛ፣ «ወደ ግራ» ስትል ወደ ቀኝ የምታመለክት፣ እኔና ወንድሜ ከኋላ በክርናችን ስንጓሸም። ፍርስራሽ ያለበት ኮረብታ፣ የድሮ መቃብር፣ ጽሑፍ አለበት የተባለ ግንብ፣ ያልሄድንበት የለም። ወንድሜ መንጃ ፈቃድ ካወጣ በኋላ መሪውን ለእሱ ለቀቁለት፤ እርስዎ ከጎኑ ተቀምጠው ባልተሰጠዎት ፍሬን እግርዎን ሲጫኑ እማዬ በሳቅ ትፈርስ ነበር።

ከጽሕፈት ክፍልዎ መስኮት ሥር ሦስት ካርቶኖች ነበሩ። በአንዱ ላይ «ወሬ»፣ በሁለተኛው ላይ «ጥርጣሬ»፣ በሦስተኛው ላይ «ማስረጃ» ብለው በትልቁ ጽፈውባቸዋል። ወሬው ሞልቶ ፈሰሰ። ጥርጣሬውም እስከ አፉ ደረሰ። የማስረጃው ካርቶን ግን ባዶውን ስለኖረ ወንድሜ ታኬታውን ያስቀምጥበት ጀመር። ያን ቀን ካርቶኑን ከፍተው ጭቃ የላሰ ታኬታ ሲያገኙ ቤቱ በሙሉ ትንፋሹን ዋጠ። እርስዎ ግን አንዱን አንሥተው ከላይ ከታች አገላበጡና «ቢያንስ መኖሩ የተረጋገጠ ነገር ነው» ብለው መለሱት። ወንድሜ ያን ቃል ለጓደኞቹ ስንቴ እንደተረከው እግዜር ይቁጠረው። ታኬታውም እዚያው ኖረ።

የመቃብሩን ዘበኛስ ያስታውሳሉ? በመስታወት ሣጥን ያስቀመጠውን አጥንት እያሳየን «ይህ የንጉሡ ጭን ነው» ሲል፣ እርስዎ እጅዎን ወደ ኋላ አጣምረው መስቀለኛ ጥያቄ ጀመሩበት።

«በምን አወቁ?»

«አባቴ ነገረኝ።»

«አባትዎስ?»

«አባቱ ነገረው።»

«ለአባቱስ?»

ዘበኛው እኛን ተራ በተራ አየንና «ጌታዬ፣ እኔ የተቀጠርኩት በር እንድጠብቅ ነው» አለ። ወንድሜ ወደ ሣጥኑ ጎንበስ ብሎ አጥንቱን ሲያጤን ቆየና በጆሮዬ «ይህ ንጉሥ ጭራም ሳይኖረው አልቀረም» አለኝ። እኔ በሳቅ ፈነዳሁ፣ እማዬ ስትስል ወጣች፣ እርስዎ ዘበኛውን ይቅርታ ጠይቀው ጨበጡትና መኪና ውስጥ ስንገባ ብቻዎን ትከሻዎ እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ወንድሜ ጥርስ የማያስከድን ልጅ ነበር። ዛሬም ሲያጫውተኝ እንደዚያው ነው።

አዎ፣ አገኘዋለሁ። እመጣበታለሁ።

አሁን የማልፈልገውን ቀን ማንሣት አለብኝ። ዝናቡ ከሰዓት በኋላ ጀምሮ አላባራም። ወንድሜ የዕቃ መጫኛ መኪና መንዳት ከጀመረ ብዙም አልቆየም። ማምሻውን ወጥ ቤት ገባ፤ ውኃ ከፀጉሩ ይንጠባጠባል። እማዬ ፎጣ ልታቀብለው ስትል እጇን ገፋት።

«አባባ፣ ሰው ገጨሁ። ብስክሌት ላይ ነበር» አለ። «አልቆምኩም።»

እርስዎ ከወንበርዎ አልተነሡም። «ሰውዬው በሕይወት አለ?» ብለው ጠየቁት።

«አላውቅም።»

«ተነሥ» አሉት። ቆሞ ነበር፤ እርስዎ ግን «ተነሥ» አሉት። ከረባትዎን አስረው ኮትዎን ለበሱ። እማዬ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ስለነበር አላየችም፤ እኔ ግን ከመተላለፊያው አየሁ። በሩ ላይ ስትደርሱ ዞረው የልጅዎን ኮት ቁልፎች አንድ በአንድ እስከ አንገቱ ቆለፉለት። ውጭ ዝናብ ነበርና። ከዚያ በራስዎ መኪና ወደ ፖሊስ ጣቢያ ወሰዱት።

ጋሼ፣ ያን ማታ ያደረጉት ልክ ነው። ያኔም ብዬዋለሁ፣ ዛሬም እላለሁ፣ ወንድሜም ይላል። ብስክሌት ላይ የነበረው ሰው ዳቦ ጋጋሪ ነው፤ ሕይወቱ ተረፈ፣ አንድ እግሩ ግን ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ። በዝናብ ውስጥ ወድቆ የቀረው ያ ሰው ፍርድ ማግኘት ነበረበት። ያገኘውም በእርስዎ ነው።

ልቤን ያሳዘነው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ወንድሜ ጥፋቱን አምኖ ተፈረደበት። በፍርዱ ቀን አልመጡም። ወኅኒ ቤት አንድ ቀን አልጠየቁትም። እማዬ ስንቅ ስታዘጋጅ ጋዜጣዎን ይዘው ወደ ጽሕፈት ክፍልዎ ይገቡ ነበር። አንድ እሑድ ግን እግሯን በር ላይ ተክላ አላሳልፍ አለችዎ።

«ልጅህ ስላንተ ይጠይቀኛል። ምን ልበለው?»

«ባለ ሚዛኑ ንጉሥ ልጁን ጥሎ በማግሥቱ ችሎት ተቀመጠ» አሉ። «ምን እንድል ትፈልጊያለሽ?»

እማዬ በሕይወቷ ድምፅዋን ከፍ ያደረገችብዎ ያን ቀን ይመስለኛል። «ያን ንጉሥ ማን አየው? ልጅቱ በመጀመሪያው ማታ ጠይቃሃለች። እስካሁን አልመለስክላትም» አለችዎ።

ጋዜጣዎን አጠፉ። እሷም በሩን ለቀቀች። ከዚያ ወዲህ ስለ ንጉሡ በገበታ ላይ አላወራንም። ቅዳሜዎቹ ቀሩ። እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ መሬት መቆፈር ስማር፣ እርስዎ ብቻዎን ወረቀት ውስጥ እየቆፈሩ እንደነበር ግን አውቃለሁ። ለእረፍት ስመጣ ካርቶኖቹ ቦታቸው ተቀያይሮ አገኛቸው ነበር።

ወንድሜ ተፈትቶ የመጣ ዕለት እኔም ቤት ነበርኩ። በሩ ላይ ቆሞ ጫማውን ምንጣፉ ላይ ሲጠርግ፣ ሲጠርግ፣ ሲጠርግ ትዝ ይለኛል። ጫማው ንጹሕ ነበር። እማዬ አቅፋ ልታስገባው ስትል «አባባ ይምጣና ልግባ» አላት። እርስዎን ልጠራ ሄድኩ። ጽሕፈት ክፍልዎ ውስጥ ጀርባዎን ሰጥተውኝ መስኮት ላይ ቆመዋል። «ቅጣቱን ጨርሷል። በነፃነቱ የፈለገበት መሄድ ይችላል» አሉኝ። የችሎት ድምፅዎ ነበር። እኔ ይህን ቃል ለወንድሜ አላደረስኩትም። ፊቴን አይቶ ገባው።

ከዚህ በታች ያለውን አያውቁም። ያልተጠየቀ ምስክር አይናገርም ይሉ ስለነበር፣ አልጠየቁኝም፣ አልተናገርኩም።

ወንድሜ በዚያው ሳምንት ዳቦ ጋጋሪው ጋ ሄደ። ሰውዬው ክራንቹን ተደግፎ ወጥቶ ማን እንደሆነ ሲያውቅ በሩን ፊቱ ላይ ዘጋው። በማግሥቱም ሄደ። ሰውዬው ሰደበው። ወንድሜ ስድቡን እስኪጨርስ ጠብቆ ከደጁ የተራገፈውን የዱቄት ኬሻ ተሸክሞ አስገባለትና ሄደ። እንዲህ እየሆነ ከረመ። አንድ ጠዋት ዳቦ ጋጋሪው «እንግዲህ እንዲህ በየቀኑ ከምትመጣብኝ እጅህን ታጠብና ሊጡን እሸው» አለው። እስከዛሬ እዚያው ነው ጋሼ። ሊጡን የሚያቦካው፣ ምድጃውን የሚይዘው እሱ ነው። ዳቦ ጋጋሪው አርጅቷል፤ ፊት ለፊት ተቀምጦ ደንበኛ ያጫውታል። ሁለቱ ሲነታረኩ ቢያዩዋቸው አባትና ልጅ ይመስላሉ። ይህን ልጎዳዎት ብዬ አይደለም የጻፍኩት፤ እንደዚያ ስለሆነ ነው።

እማዬ ሰፈራችን ውስጥ ሁለት ዳቦ ቤት እያለላት ለምን አውቶቡስ ተሳፍራ ዳቦ ትገዛ እንደነበር ጠይቀዋት ያውቃሉ? «የዚያኛው ቅርፊቱ ጥሩ ነው» ትልዎ ነበር። እውነቷን ነው፤ ቅርፊቱ ጥሩ ነው። አንድ ቀን ምሳ ላይ ቆርሰው በሾርባው ነክረው ቀመሱና «ይህን የጋገረ እጅ ይባረክ» አሉ። በደንብ ነው የማስታውሰው። እማዬ ተነሥታ ወጥ ቤት ገባች፤ ቧንቧ ከፍታ ብዙ ቆየች። ምን እንዳጠበች አላውቅም። ያጠበችው ዕቃ አልነበረም።

በዚያ ሳምንት ወንድሜን ሳገኘው ያሉትን ነገርኩት። ዱቄቱን ከክንዱ እያራገፈ ሰማኝ። «ዳቦውን ነው እንጂ እኔን አይደለም» አለ። ከዚያ ወዲህ ግን ለእማዬ የሚሰጣትን ዳቦ ለብቻው ሲጋግር አየው ነበር፤ እርስዎ እንደሚወዱት ትንሽ ጠቆር አድርጎ።

በእማዬ ቀብር ላይ ከሕዝቡ ኋላ ቆሞ ነበር። አይተውታል። ዐይናችሁ ሲገናኝ አጠገብዎ ነበርኩ። ኮፍያዎን አስተካከሉና ወደ ፊት ተመለከቱ። ያን ጊዜ ክንድዎን ይዤ ስለነበር፣ ኮፍያውን ያስተካከለው እጅ እንዴት እንደተንቀጠቀጠ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ስለዚህም ነው ዛሬ ለመጻፍ የደፈርኩት።

አሁን ምስክሩን ወዳገኘንበት ድልድይ።

ወንዙ ባለፈው ክረምት ሞልቶ የአሮጌውን ድልድይ አንድ እግር ሰነጠቀው። መሐንዲሷ እግሩን አፍርሳ እንደገና ልትሠራው ስትጀምር፣ ከመሠረቱ የተነሣ አንድ ድንጋይ በውስጥ ገጹ ጽሑፍ ተገኘበት። ሥራውን አስቁማ መሥሪያ ቤታችን ደወለች። እኔና የድሮ ጽሑፍ የሚያነብልን ባልደረባዬ፣ ሠራተኞቹ «መነጽራሙ» የሚሉት፣ መጣን። የማርፍበት ክፍል ከጋራዥ በላይ ነው፤ መካኒኩ ቀኑን ሙሉ ብረት ይቀጠቅጣል፣ እኔ ደግሞ ድልድዩ ሥር ድንጋይ በብሩሽ እጠርጋለሁ። ደረጃው ላይ ስንገናኝ «ያንቺ ድንጋይ መቼ ነው የሚነሣው?» ይለኛል፤ እንደ ቆመ ሞተር።

የድንጋዩ ፊት በደለልና በኖራ ተሸፍኖ ነበር። መጀመሪያ የወጣልን «ሚዛን ያዥ» የሚለው ነው። መነጽራሙ ብሩሹን ከእጄ ወስዶ አስቀመጠውና «መጀመሪያ ሻይ እንጠጣ» አለ። ከሻይ በኋላ ሌላው ተራ በተራ ወጣ። የንጉሡ ስም አለ፤ እኛ በተረት የምናውቀው ስም ነው። የወንዙ ስም አለ። የፊደሉ አጣጣል ከዘመኑ ጋር ይስማማል። ኖራው ውስጥ የተገኘውን ከሰል አስመርምረናል፤ እሱም እዚያው ዘመን ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ይህ ከብዙ ትውልድ በኋላ የተጻፈ ውዳሴ አይደለም። ንጉሡን የሚያውቅ ሰው ያስቀረጸው ነው። ጽሑፉን በዛሬ አማርኛ ላስቀምጥልዎ፤

«ይህን ድልድይ ያሠራሁ እኔ፣ ሚዛን ያዥ የተባለው ንጉሥ ልጅ ነኝ። በረሃብ ዘመን በደልሁ። አባቴ እንደ ሕጉ ለዚህ ወንዝ ሰጠኝ። ወንዙም ወደ ዳር መለሰኝ። አባቴ ዳግመኛ አልሰጠኝም። በዚህ የሚሻገር ሁሉ አባቴን ያስበው።»

አንብበው ሲጨርሱ መልሰው ያንብቡት። እኔም እንደዚያ ነው ያደረግሁት።

ተረቱ ውሸት አልነበረም ጋሼ። ንጉሡ ሕጉን ፈጽሟል፤ ገደሉም፣ ወንዙም፣ ልጁም እውነት ናቸው። ተረቱ መጨረሻውን ነው የጣለው። ልጁ ከውኃ ወጥቶ፣ አርጅቶ፣ ድልድይ እስኪያሠራ ኖሯል። የዚያን ሁሉ ዘመን መንግሥት፣ ጦር፣ ግምጃ ቤት መሬት በልቶታል። ያ ንጉሥ በዚህ ምድር ላይ መኖሩን የመሰከረለት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም የወረወረው ልጅ ነው።

አሁን መስቀለኛ ጥያቄዎን እሰማለሁ፤ ላደክምዎ አልፈልግም፣ ራሴ ልመልስ። አዎ፣ ምስክሩ አንድ ነው። አዎ፣ በጉዳዩ ጥቅም ያለው ወገን ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ እኔ በዛሬ አማርኛ «አልሰጠኝም» ብዬ ካስቀመጥኩት የድሮ ቃል መካከል አንድ ፊደል ተጎርዷል። መነጽራሙ ቃሉ «አልጠየቀኝም» ሊሆንም ይችላል ብሎ ይከራከረኛል፤ በሪፖርቱ ላይ ሁለቱንም እንጽፋለን። እኔ በበኩሌ ልዩነቱ ብዙም አያሳስበኝም። አባትየው እንደገና አልሰጠውም፣ ወይም ስለ በደሉ እንደገና አልጠየቀውም። በየትኛውም ንባብ ልጁ ከውኃው ሲወጣ ዳሩ ላይ ሁለተኛ ፍርድ አልጠበቀውም።

ድንጋዩ ወደ ሙዚየም ከመጫኑ በፊት ወንድሜን ጠራሁት። በአውቶቡስ መጣ፤ ቅንድቡ ላይ ዱቄት ነበር። መሐንዲሷ የራስ ቆብ ካደረገችለት በኋላ ወደ ድንጋዩ ወሰድኩት። እያመለከትኩ አነበብኩለት። ቃሎቹን ከጣቴ ጋር እየተከተለ ሰማ። የመጨረሻው ላይ ስንደርስ ጎንበስ ብሎ በመዳፉ ድንጋዩን ዳበሰው፤ ሊጥ መነሣቱን ሲያይ እንደሚነካው አድርጎ። እንዳይነካ መከልከል ነበረብኝ። አልከለከልኩትም።

«ድልድዩ ብዙ ዘመን ቆመ ማለት ነው» አለ።

«ብዙ።»

«አባባ ይህን አይቷል?»

«ገና አልነገርኳቸውም።»

«ንገሪው። ዕድሜ ልኩን የፈለገው ነገር ነው፤ ደስ ይለዋል።» ቆየት ብሎ «ስለ እኔ ግን ምንም እንዳትጽፊ» አለኝ። ይህን ቃሉን እንዳላከበርኩ እያዩ ነው። ሲያገኘኝ የሚለኝን እሰማለሁ።

አውቶቡሱን አብረን ጠበቅን። ስለ ዳቦ ጋጋሪው ሳል፣ ስለ አዲሱ ምድጃ አወራን። ሲሳፈር እግሩ ደረጃው ላይ ሳለ ዞረና ማንም እንዳልጠየቀው ሰው «ቅዳሜ ግማሽ ቀን ነው የምንሠራው» አለኝ። በሩ ተዘጋ፤ ሄደ። ጋሼ፣ እኔ ከድንጋይ ላይ ተጎርዶ የወደቀ ፊደል አሟልቼ የማነብ ሰው ነኝ። ያን ዐረፍተ ነገር ማሟላት አልከበደኝም።

ስለዚህ የምጠይቅዎ ይህን ነው። እርስዎ ልጅዎን ለሕግ ሰጥተዋል፤ መስጠትም ነበረብዎት። ሕጉ የራሱን ወስዶ መልሶታል። ከዚያ በኋላ ያለው የእርስዎ እንጂ የሕግ አይደለም። ይቅርታ ይጠይቁ ወይም ይቅርታ ያድርጉ አልልዎትም። ንግግር እንዳያዘጋጁ፤ ንግግር ሲያዘጋጁ የችሎት ድምፅዎ ይመጣል። ወንበር መሳብ ብቻ ይበቃል።

ቅዳሜ ከምሳ ሰዓት በኋላ እንመጣለን። የጽሑፉን ቅጂ ይዤልዎ እመጣለሁ፤ ጠረጴዛው ላይ ዘርግተን በማጉያ መነጽር የተጎረደውን ፊደል እርስዎ ራስዎ ያያሉ። ከእኔና ከመነጽራሙ ማን ልክ እንደሆነ ይፈርዱልናል። ጉልበትዎ ካመመዎት በሩ ጋ ቶሎ ልድረስ ብለው አይቸኩሉ። እንጠብቃለን። አንድ ነገር ብቻ ይወቁት፤ ደወሉን የምደውለው እኔ አይደለሁም።

እስከዚያ ጤናዎን ይጠብቁ።

አክባሪና ወዳጅ
ልጅዎ